ዝቅ አድርጌ ነበር እኮ

ቅርፊቷ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ሰፋ ትላለች። ስትደርቅ ጠርዟ ተቆልምሟል። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ስይዛት በውስጧ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ ክብ መስመር ይታየኛል። የካርፕ ቅርፊት ናት። ዓሣው ግን አልተያዘም። ቀስቴ ጀርባውን ፍቆት አለፈ፤ እሱም ጭቃውን አደፍርሶ ወደ ጥልቁ ገባ። ሲባጎውን ስቤ ቀስቱን ሳወጣው ጫፉ ላይ ይህቺው ብቻ ተለጥፋ መጣች።

በደጋን ዓሣ ለማደን ውሃ ላይ የወጣሁበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ሰባት ጊዜ ለቀቅኩ። ስድስቱን ሳትኩ፤ የሰባተኛው ውጤት ይህቺ ናት። ታላቅ ወንድሜ ከኋላዬ ተቀምጦ ጀልባዋን ይቀዝፋል። በለቀቅኩ ቁጥር «ዝቅ አርግ! በላዩ ላይ እያለፈ ነው» ይለኛል። እኔም በሳትኩ ቁጥር ያንኑ እመልሳለሁ። «ዝቅ አድርጌ ነበር እኮ ጋሼ!»

የምሬን ነበር። ማል ቢለኝ እምልለት ነበር። ማታ ጋደም ብዬ ሰባቱንም አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። በሁሉም ላይ ዝቅ አድርጌያለሁ። ታዲያ ሁሉም እንዴት በላዩ አለፈ? ይህ ጥያቄ ለሳምንታት አልለቀቀኝም።

መሳት ብቻ ቢሆን ይረሳል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ መንካቴ ነው። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ትንሽ ከሆነ ተፈትቶ ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። በቀስት የተወጋ ግን መመለሻ የለውም። በአንዳንድ አገር ሕጉም በቀስት የሚታደኑትን ዓይነቶች ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዓሣውን ሳይለዩ መልቀቅ የለም። ግማሽ ተወግቶ ያመለጠው ደግሞ ለእኔም አይሆንም፣ ለራሱም አይሆንም። ቁስሉን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ መለማመድን እንደ ጨዋታ ማየት ተውኩ። ለዓሣው ያለብኝ ዕዳ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

ደረቅ መሬት ላይ

ሳልለማመድ አልወጣሁም። ውሃ ላይ ከመውጣቴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ወፍራም ፎም ግድግዳ ላይ አስደግፌ ስወረውር ነበር። አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ከአምስት ቀስት አራቱን መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ እሰበስብ ነበር። ልቤ ሞልቶ ነበር የሄድኩት።

አሁን ሳስበው ያ ልምምድ ከውሃው ጋር የሚያገናኘው ነገር ትንሽ ነው። ፎሙ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ዓሣው ከእግሬ በታች ነው። ፎሙ ቀኑን ሙሉ ይጠብቀኛል፤ ዓሣው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሰጠኝ ነው። ቀስቱ ራሱ ሌላ ነው። የዓሣ ቀስት ከድፍን ፋይበርግላስ የተሠራ ከባድ ዘንግ ነው። አብዛኛው ላባ የለውም። ጫፉ ላይ ዓሣው እንዳያመልጥ ወደ ኋላ የሚከፈቱ ጥርሶች አሉት፤ ከኋላው ደግሞ ሲባጎ ይጎትታል። ለሩቅ አልተሠራም። ለጥቂት ሜትር ነው። ብዙ ሰው ማነጣጠሪያ መሣሪያም አይገጥምበትም። ታያለህ፣ ትስባለህ፣ ትለቃለህ። አለቀ።

እኔ ግን ለሁለት ወር የተለማመድኩት ያየሁትን መምታት ነበር። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ውሃ ላይ ያየኸውን ከመታህ ትስታለህ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ውሃ ውስጥ ወደ 225,000 ይወርዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው በሰያፍ ሲያልፍ ይታጠፋል። ትምህርት ቤት «ስብረት» ብለን የተማርነው ነው። ዓይን ግን መታጠፉን አያውቅም፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ዓሣውን ካለበት ቦታ ከፍ አድርጎ ያሳየናል።

ልክ ከላዩ ቆመህ ቁልቁል ካየኸው 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ 30 ላይ ያለ ይመስላል። በሰያፍ ስታየው ደግሞ ይብሳል። ቆሜ ከሦስት ሜትር ርቀት 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ ባይ፣ ባየሁበት መስመር ቀጥ ብሎ የሄደ ቀስት ከዓሣው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ብዙ ካርፕ ከዚያ ይቀጥናል።

አዳኞቹ ይህን በቀላል ስሌት ይዘውታል። ዓሣው ሦስት ሜትር ርቆ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ አሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ አርግ። ርቀቱ ወይም ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ዝቅታውንም እጥፍ አርግ። ወንድሜ በመንገዳችን ላይ ነግሮኛል። እኔም ሸምድጄው ነበር። የእስክንድርያው ሊቅ ቶለሚ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የመታጠፊያውን ማዕዘን ለክቶ ነበር። በ984 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሊቁ ኢብን ሳህል ትክክለኛውን ሕግ ጻፈው። በ1621 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ስኔልየስ እንደገና ደረሰበት፤ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ ነው ጀልባው ላይ የወጣሁት። ሰባት ጊዜም ሳትኩ።

ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ገንዳ መፈለግ ነበር። ከብት የሚጠጣበትን ዓይነት ረጅም ገንዳ አገኘሁ። ከታችና ከወዲያኛው ጫፍ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ደረደርኩበት። ከአሸዋው በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሞላሁ። ከዚያ ቀይ ቆርኪ ጣልኩበት።

ቀስት ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ከወንበር ጋር በሰያፍ አሰርኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በቧንቧው ውስጥ ቆርኪውን ልክ መሃል ላይ እስካየው ድረስ አስተካከልኩት። ከዚያ ቧንቧውን ሳላንቀሳቅስ ቀጥ ያለ ሽቦ በውስጡ ሰደድኩ። ሽቦው ዓይኔ ያየበትን መንገድ ይዞ ወረደ። ውሃውን ቀደደ። በቆርኪው ላይ አልፎ ከበስተጀርባው አሸዋው ውስጥ ተተከለ። በማስመሪያ ስለካው 15 ሳንቲ ሜትር ስቷል።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ማወቅ ሌላ፣ ሽቦው ሲያልፍ በዓይን ማየት ሌላ። ውሃው እንደዚያ ጥርት ብሎ፣ ቆርኪው እዚያው ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ሽቦው ይስታል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስልኬ ያሳየኝ

ከዚያ ወደ ቀስቱ ገባሁ። ገንዳ ውስጥ በሙሉ ጉልበት አይወረወርም። የውሃው ደጋኔ 40 ፓውንድ ነው፤ ለመሳብ 18 ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። ለቤት ግማሹን የሚስብ ቀላል ደጋን ተዋስኩ። ጥርስ ያለውን ጫፍ አውጥቼ የጎማ ድፍን ጫፍ ገጠምኩ። ከገንዳው ጀርባ ግድግዳ አለ። ስለማመድ ማንም ግቢ ውስጥ አይገባም፤ ይህን ሕግ አንድም ቀን አላፈረስኩትም።

ዓሣዬ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ነው። በዓሣ ቅርጽ ቆረጥኩትና ከሆዱ ክር አስሬ ድንጋይ አንጠለጠልኩበት። ድንጋዩ አሸዋው ላይ ያርፋል፤ ሶሉ ውሃው መሃል ይንሳፈፋል። ነፋስ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከሩቅ ሲያዩት ነፍስ ያለው ይመስላል።

ወንበር ላይ ቆሜ ጀመርኩ። ዝቅ አድርጌ አነጣጠርኩ። ለቀቅኩ። በላዩ አለፈ። እንደገና ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩ። በላዩ አለፈ። ልክ እንደ ጀልባው ላይ። ስሌቱን አውቀዋለሁ፤ ሽቦው ያሳየኝን ገና አልረሳሁም። እጄም ዝቅ ማለቱ ይሰማኛል። ቀስቱ ግን በላዩ ያልፋል።

በሦስተኛው ቀን ስልኬን በርጩማ ላይ አስደግፌ ከጎን ራሴን ቀረጽኩ። ዝግ ብሎ በሚያሳየው አደረግኩት። አሥራ ሁለት ጊዜ ወርውሬ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ደጋኑን እስባለሁ። የቀስቱ ጫፍ ቁልቁል፣ ከዓሣው በታች ወዳለው ባዶ ውሃ ያመለክታል። ወንድሜ «ዝቅ አርግ» የሚለውን ልክ እያደረግኩ ነው። ቆም እላለሁ። ከዚያ ቀስቱ ይሄዳል። ትክክል ነኝ ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ መልሼ በጣም ቀስ አድርጌ አየሁት።

ጣቶቼ ሊለቁ ሲሉ፣ ገና ሳይለቁ፣ ደጋኑን የያዘው ግራ እጄ ይነሳል። የአንድ ጣት ወርድ ቢሆን ነው። ጫፉ ከባዶው ውሃ ተነስቶ ወደ ዓሣው ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ጣቶቼ ይለቃሉ። እጅ ላይ የአንድ ጣት ወርድ የሆነው ውሃው ጋ ሲደርስ የሦስት አራት ጣት ይሆናል።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። እጄ ተነሳ። ሦስተኛውን። ተነሳ። ከአሥራ ሁለቱ በዘጠኙ ላይ እጄ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ዓሣው ተመልሷል። እኔ ግን አንዱንም አልተሰማኝም። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ይባላል። ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር። ነግሮኝም ነበር እኮ፤ ሰባት ጊዜ። ሰባቱንም ጊዜ ተከራክሬዋለሁ።

ለረጅም ጊዜ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ዋሽቼ አልነበረም። ዝቅ አድርጌ ነበር። ግን ዝቅ እንዳልኩ አልቆየሁም። ለምን? ያንኑ ቪዲዮ ደጋግሜ ሳይ እጄን ማየት ትቼ ፊቴን ማየት ጀመርኩ። ዓይኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓሣው ላይ ነው። እጄን ዝቅ እንዲል አዝዣለሁ፤ ዓይኔን ግን አላዘዝኩም። ማነጣጠሪያ በሌለው ደጋን ደግሞ እጅ የሚከተለው ዓይንን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፎሙ ላይ ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር። ያየኸውን ምታ። እጄ ታዛዥ ነው፤ ያስተማርኩትን አደረገ።

ባዶውን ማየት

ከዚያን ቀን በኋላ ልምምዴ ተለወጠ። እጄን ማስተካከል ተውኩ። ዓይኔን ከዓሣው ላይ ማንሳት መማር ጀመርኩ።

ይህን ማለት ቀላል ነው። ማድረግ ግን እጅግ ከባድ ነው። ዓሣ ስታይ ዓይንህ ተጣብቆ ይቀራል። የምትፈልገውን ነገር ትተህ ምንም የሌለበትን ውሃ ተመልከት ሲሉህ ሰውነትህ ሁሉ እምቢ ይላል። ስለዚህ ለዓይኔ መያዣ ሰጠሁት። የክብሪት እንጨት ውሃው ላይ አንሳፈፍኩ። ከሶሉ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ ቀስቱ ውሃውን መቅደድ ያለበት ቦታ ላይ። ሶሉን አያለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ወደ ክብሪቷ አወርዳለሁ፣ እሷን ብቻ እያየሁ እስባለሁ፣ እለቃለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሶሉ ተመታ። ድምፁ ትዝ ይለኛል። ውሃ ውስጥ የታፈነ «ድም» የሚል ድምፅ። ሶሉ ተገልብጦ እንደገና ቀና አለ።

ለአንድ ሳምንት በክብሪት ሠራሁ። ከዚያ ክብሪቷን አነሳሁ። አሁን የማየው ነጥብ የለም፤ እኔው ነኝ የምፈጥረው። ውሃው ላይ ብልጭ የምትል የብርሃን ነጠብጣብ ወይም ትንሽ አቧራ እመርጣለሁ። እሷ ከሌለች ባዶውን። ስልኬን በየሁለት ቀኑ እቀርጽበታለሁ። እጄ የሚነሳባቸው እየቀነሱ መጡ፤ ጨርሰው ግን አልጠፉም። ደክሞኝ ስወረውር ዛሬም ይመለሳሉ። ስለዚህ በቀን ከሃያ ቀስት በላይ አልወረውርም። ክንድ ሲደክም የሚለማመደው ስህተትን ነው።

በዚያው ሰሞን ቀስተኛ ዓሣ ስለሚባል ፍጥረት አነበብኩ። በደቡብ ምሥራቅ እስያና በሰሜን አውስትራሊያ ይኖራል። ከውሃው ሥር ሆኖ ከላይ ቅጠል ላይ ያረፈ ነፍሳትን በአፉ ውሃ ተፍቶ ይጥላል። የእሱም ዓይን ውሃ ውስጥ ስለሆነ የሚያየው የታጠፈ ነው፤ ችግራችን አንድ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። ትንንሾቹ ይስታሉ። እየሳቱ፣ እየደጋገሙ ነው የሚሻሻሉት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ከዚያ ባለቤቴ መጣች። ገንዳው ጋ ስትቆም ሁሉን ነገር በአንድ ጥያቄ አከበደችብኝ። «ጥልቀቱን ግን ታውቀዋለህ አይደል? አንተ ነህ ያሰርከው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሶሉ ስንት ላይ እንዳለ ሳላስብ አውቀዋለሁ። ውሃ ላይ የሚነግረኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ እሷ ክሩን ታሳጥራለች ወይም ታረዝማለች፣ ከዚያ ወደ ቤት ትገባለች። እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ መጀመሪያ ጥልቀቱን ጮክ ብዬ እገምታለሁ። «ሃያ!» እወረውራለሁ። ከዚያ በማስመሪያ እለካለሁ። አንዳንዴ 20 ያልኩት 30 ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ ልምምድ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ገናም አልጨረስኩትም። ቁመቴንም እቀያይራለሁ። አንዳንዴ ወንበር ላይ፣ አንዳንዴ መሬት ቆሜ፣ አንዳንዴ ተንበርክኬ። ከላይ ስታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ዝቅ ብለህ በሰያፍ ስታይ ያብዳል።

ሲባጎ፣ ቁልፍ፣ ጣት

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የጉዳት ነገር ስለሆነ። ሲባጎው ደጋኑ ላይ ካለው ማጠንጠኛ ይወጣል። አንዳንዱ ማጠንጠኛ ከመልቀቅህ በፊት ተጭነህ የምትከፍተው ቁልፍ አለው። ከረሳኸው ቀስቱ ይሄድና ሲባጎው ሲወጠር ይመለሳል። የሚመለሰው ወደ አንተ ነው። ሲባጎው ጣትህ ላይ ወይም ደጋኑ ላይ ተጠምጥሞ ከሆነም እንደዚያው። ለዚህ ነው ሲባጎው በቀጥታ ከቀስቱ ጭራ ጋር የማይታሰረው። በዘንጉ ላይ በሚንሸራተት ማያያዣ ላይ ይታሰራል፤ ስትስብም ማያያዣው ከደጋኑ ፊት ለፊት ይቆያል።

ወንድሜ ሦስት ቃል አስተማረኝ። ሲባጎ፣ ቁልፍ፣ ጣት። ሲባጎው ነፃ ነው? ቁልፉ ተከፍቷል? ጣቴ ከሲባጎው መንገድ ወጥቷል? ሳሎን ውስጥ ቀስት ሳልገጥም በየማታው እሠራዋለሁ። ደጋኑን አነሳለሁ፣ በእጄ እየነካሁ ሦስቱን እላለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሳብ አድርጌ ባዶውን አልለቅም። ቀስት ያልያዘ ደጋን ከተለቀቀ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ሊሰበርም ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ የለ? ዓሣው ፊት ለፊትህ ሲመጣ ቁልፍ ትዝ አይልህም። ትዝ ሳይልህ የሚያደርገው እጅ ያስፈልግሃል።

ሁለተኛው ጠዋት

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ተመለስን። ያው ጀልባ፣ ያው ወንድሜ ከኋላ። ነጸብራቁን የሚቀንሰውን ፖላራይዝድ መነጽር አደረግኩ። ውሃው ጠዋት ላይ ረግቶ ነበር።

የመጀመሪያው ካርፕ ሸምበቆው ጥግ ላይ ጭቃ እየቆፈረ ነበር። ጭራው ይወዛወዛል። ሲባጎ። ቁልፍ። ጣት። ጥልቀቱ 30 ይሆናል አልኩ በልቤ። ዓሣውን አየሁት፤ ከዚያ ዓይኔን አነሳሁ። ከሆዱ በታች ቡናማ ውሃ ብቻ አለ። እዚያ ላይ አንድ የሸምበቆ ቅጠል ቁራጭ ተንሳፍፋ ነበር። እሷን አየሁ። ሳብኩ። እሷን እያየሁ ለቀቅኩ።

ሲባጎው እየጮኸ ወጣ። ከዚያ ተወጠረ። እጄ ላይ የዓሣው ክብደት መጣ።

ጋሼ ምንም አላለም። ዓሣው ጀልባ ላይ ከወጣ በኋላ በፍጥነት ጨረሰልኝ። ቀስቱ የገባው ከጉንጩ ኋላ፣ ጎኑ መሃል ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየውና ቀስቱን ነቅሎ ሰጠኝ።

ረፋዱ ላይ ሌላ መጣ። ከመጀመሪያው ይበልጣል። ጀልባዋ ፊት በቀስታ አለፈ፤ ውሃው እዚያ ጋ ጠቆር ብሏል። ሳብኩ። ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ የት ድረስ ዝቅ እንደምል አላወቅኩም። አርባም ሊሆን ይችላል፣ ሰባም ሊሆን ይችላል። ደጋኑን ቀስ አድርጌ ሳልለቅ መለስኩት። ዓሣው ሄደ።

«ምነው?» አለኝ ጋሼ።

«ጥልቀቱን አላወቅኩትም» አልኩት።

መቅዘፊያውን አነሳና ወደ ሸምበቆው መለሰን።